የመጋዙ ሽፋንና ሊቀ ለምን ዋሲሁን

በየለቅሶው ድንኳን አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ፣ ይኼ ሰው ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ይልና «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። «ወድቆ ነው አሉ» ይሉታል። «ከምን ላይ?» «ከፎቅ ሥራ ላይ፣ ከመወጣጫው።» «መወጣጫው ምን ሆኖ?» «ተፈትቶ።» «ማን ነበር ያሰረው?» ይህን ጊዜ ጎረቤቱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ የባሕር ዛፉን መወጣጫ ያሰረው ሰው እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቶ፣ ንፍሮ እያደለ ነዋ። እንዲህ ዓይነት ሰው በየዕድሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመድ ጉባኤው አንዳንድ ተመድቦልናል። «እኔ አላጋጠመኝም» የሚል ካለ፣ ሰውዬው እሱ ራሱ ነው።

ለእኛ የደረሱን ጋሽ ዋሲሁን ናቸው።

እኛ ማለት ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለን አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ነን፤ የተማሪ ዴስክ፣ የቢሮ ጠረጴዛ፣ ሲቀናን ደግሞ የሆቴል አልጋ እንሠራለን። እኔ የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ነኝ፤ የፈቃዱም፣ የቅጣቱም፣ የአደጋውም ወረቀት በእጄ ያልፋል። ጋሽ ዋሲሁን ሙሉ ማዕረጋቸው ሲጠራ «የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ዋና ኃላፊ» ናቸው። ዋና ይባሉ እንጂ ምክትል የላቸውም፤ ምክትል ቀርቶ ቢሮ የላቸውም። ከኮላው በርሜል አጠገብ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ በርጩማ አላቸው፤ ይኼ እንግዲህ ወንበር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። እኛ በመካከላችን «ሊቀ ለምን» እንላቸዋለን።

ለዚህ ማዕረግ የበቁት እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ደንበኛ «የደኅንነት ኃላፊ ከሌለው ድርጅት ጋር አልዋዋልም» አለ። የድርጅቱ ባለቤት አቶ ጠሀ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸውን የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ መረጡ። «ዋሲሁን ሰው አያስቸግርም» አሉ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሽ ዋሲሁን ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ተላኩ። እዚያ አንድ አሠልጣኝ «አደጋ ሲደርስ አምስት ጊዜ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ በመጀመሪያው መልስ አትርኩ፤ ከአንዱ መልስ ሥር ሌላ አለ» አላቸው። ሌላው ሠልጣኝ ይህን ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ምሳውን በልቶ፣ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። ጋሽ ዋሲሁን አመኑበት።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም።

አንድ ቀን ሻይ የምታድለው ሙሉዬ ትሪ እንደያዘች አዳለጣትና አንድ ብርጭቆ ሻይ ፈሰሰ። ማንንም አልነካም፤ እሷም ስቃ ልታልፍ ነበር።

«ለምን አዳለጠሽ?» አሉ ጋሽ ዋሲሁን።

«ወለሉ ርጥብ ነዋ!»

«ለምን ረጠበ?»

«ጣሪያው ያፈሳላ፣ ጋሼ!»

«ለምን ያፈሳል?»

በአርባ ደቂቃ ውስጥ ምርመራው ሙሉዬን አልፎ፣ ቆርቆሮውን አልፎ፣ «ጣሪያው ይቀየር» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ክረምት ያለፈው አንድ ደብዳቤ ላይ ደረሰና ከአቶ ጠሀ ጠረጴዛ ፊት ቆመ። አቶ ጠሀ ሁለት እጃቸውን አነሡ።

«ዋሲሁን፣ በአላህ! የፈሰሰው እኮ ሻይ ነው!»

«ዛሬ ሻይ ነው» አሉ ጋሽ ዋሲሁን።

ጣሪያው አልተቀየረም፤ ከሥሩ ባልዲ ተደረገ። በሳምንቱ ሙሉዬን ባልዲው ጠለፋት።

ከሳቸው ጋር ባጃጅ መሳፈርማ አይነሣ። ከፒያሳ አብረን ተሳፍረን «ይኼ በር ለምን በገመድ ታሰረ፣ ልጄ?» ብለው ይጀምራሉ። ሹፌሩ መጀመሪያ በጨዋነት ይመልሳል፤ ሦስተኛው ለምን ላይ ባጃጁን ዳር ያስይዝና «ፋዘር፣ ይወርዳሉ ወይስ ዝም ብለው ይቀመጣሉ?» ይላል። ሁልጊዜ እንወርዳለን። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አርፍጄ ገብቼ በራሴ ስም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ እህተማርያም አንድ ቀን አግኝታኝ «ሽሮው ለምን አረረ ብሎ ያዘኝ» አለችኝ። «አምስተኛው ላይ ስንደርስ ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ተገኘ። ‹ልክ ነሽ፣ እኔ ነኝ› ብሎ ያረረውን ብቻውን ጨረሰው።» ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ራሱ ላይ እስኪደርስ ድረስ የሚጠይቅ ሰው ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ራሳቸውንም አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ ለምን እንዲህ ሆኑ?» ብያቸው ነበር። «ለምን ጠየቅሽ?» አሉኝ። ተውኩት።

የእኛን ጠባይ ካልነገርኳችሁ የሳቸው አይገባችሁም። እኛ ሰው ሲጎዳ ክፉ አይደለንም፤ እንዲያውም ቁስለኛ በመጠየቅ የሚደርስብን የለም። ከሥራ እንደወጣን ብርቱካኑን፣ ወተቱን ይዘን እንሄዳለን፤ አልጋውን እንከባለን። እኛ ጴንጤዎቹ «የጌታ ፈቃድ ነው» እንላለን፤ ሙስሊሞቹ «ቀደር ነው» ይላሉ፤ ኦርቶዶክሶቹ «የባሰ አለና ተመስገን በል» ይላሉ፤ በዚህ ጉዳይ ሃይማኖታችን አንድ ነው። ቁስለኛውን ጠይቀን እንመለሳለን፣ ማሽኑን ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም። በማግሥቱ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ይቆማል።

ጋሽ ዋሲሁን ጸሎት የማያቋርጡ ሰው ናቸው፤ ይህን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ይለወጣል። «እግዚአብሔርን ተዉት» ይላሉ፤ «እሱ ብሎን አይፈታም።»

ከዚያ ወረቀቱ ወደ እኔ ይመጣል። የአደጋ መግለጫ ቅጹ ላይ «የአደጋው ምክንያት» የምትል ቦታ አለች፤ አንዲት መስመር ናት፣ ከስንዝር አትበልጥም። በዚያች መስመር ላይ ሰባት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት አንድ ነገር ነው፦ «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት»። የተሸካሚው ወገብ ሲቀጭ፣ ቫርኒሽ ቀቢው ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ሁልጊዜ ያው። ማኅተም ላስቀርጽላት ሁሉ አስቤ ነበር። መስመሯ ላይ ልክክ ትላለች፣ ማንንም አታስቀይምም። የተጎዳው እንኳ አይቀየምም፤ ይልቁንስ «ላስቸገርኳችሁ ይቅርታ» ይላል።

አምሳሉም ይቅርታ ብሎን ነበር። አምሳሉ ከሦስት ዓመት በፊት ክብ መጋዙ ላይ የሌባ ጣቱን ጫፍ ያጣ ልጅ ነው፤ አሁን የበር ዘበኛ ነው። ክብ መጋዙ ሲገዛ ከጥርሱ በላይ የሚደፋ የብረት ሽፋን ነበረው፤ እጅ ቢስት ሽፋኑ ይመልሰዋል። ወፍራም ጣውላ ሲመጣ ግን ሽፋኑ ያግዳል። ስለዚህ ሁለት ብሎን ይፈታና ሽፋኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከተሰቀለ ደግሞ የሚያወርደው የለም። የአምሳሉ ጣት የሄደው ሽፋኑ ተሰቅሎ ሳለ ነው። እኔ የጻፍኩትን ታውቁታላችሁ።

ጋሽ ዋሲሁን ሹመታቸውን እንዳገኙ ስለዚህ ሽፋን ሦስት ደብዳቤ ጻፉ። ሦስቱንም ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ፋይል አደረግኋቸው። «ደርሶኛል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ለአቶ ጠሀ ለማሳየት ጥሩ ቀን እየጠበቅሁ ነበር፤ ሰውዬው ደስ ብሏቸው ሲገቡ ደስታቸውን ላለማበላሸት፣ ተቆጥተው ሲገቡ ቁጣቸውን ላለማባባስ።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የብዙ ዴስክ ሥራ መጣ። ሳያት ክብ መጋዙ ላይ ነበረች። ሳያት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ ከከተማው ዳር፣ ቱላ፣ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ እርሳስ ከጆሮዋ አይጠፋም፣ ጣውላ በዓይኗ ለክታ ሜትር ሲያረጋግጥላት የምትስቅ ዓይነት ናት። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የመጋዙ ድምፅ ተለወጠ። ቢሮ ሆኜ ነው የሰማሁት። ከዚያ ጩኸት። ከቀኝ እጇ ሦስት ጣት ሄደ።

አቅፏት ወደ መኪና የሮጠው ፎርማኑ ዘሪሁን ነው። ሆስፒታል ደም የሰጠው እሱ ነው፤ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቀሰውም እሱ ነው። ያን ቀን ጠዋት የሽፋኑን ብሎን የፈታው ደግሞ እሱ ነው። ዘሪሁን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባጭሩ ያልቅ ነበር። ግን የማንን ልደት ኬክ ያልገዛ፣ የማንን እናት ለቅሶ ያልቆመ? ሥራው እስከ ዓርብ ይድረስ ተብሏል፣ ጣውላው ወፍራም ነው፣ ምን ያድርግ?

በማግሥቱ ጋሽ ዋሲሁን ደብተራቸውን ይዘው ሠራተኛውን አንድ በአንድ ጠየቁ።

«ሽፋኑን ማን ፈታው?»

«እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ ጋሼ።»

ሃያ ሦስት ሰው ጠየቁ፤ ሃያ ሦስቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። እኔ ቆጥሬዋለሁ። እንዲያ ከሆነ ክብ መጋዙን የከበበው የሃያ ሦስት ሰው ጀርባ ነው። የፈራ የለም፤ ዘሪሁን ማንንም አያስፈራም። ይሉኝታ ነው። የልጆች አባት የሆነን፣ ያውም እያለቀሰ ያለን ሰው፣ «እሱ ነው» ብሎ ጣት መቀሰር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ዘሪሁን ራሱ «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ሲከፍት ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ወደ ውጭ ወሰዱት። «አንተ ደግሞ፣ በቁስል ላይ እንጨት አትስደድ!»

ከሁሉ የሚብሰው የሳያት ነው። ሊጠይቃት ለሚመጣ ሁሉ አስቀድማ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር» ትላለች። ጋሽ ዋሲሁንንም እንዲሁ አለቻቸው። ሐሳብሽ ለምን ሌላ ቦታ ሄደ አላሏትም። ደብተራቸውን አጥፈው ብርቱካን ላጡላት።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌ ተላከ። ይኼም ደግ ልማዳችን ነው፤ አደጋ ሲደርስ ነገሩ ከቢሮ ወደ ቢሮ እንዳይንከራተት፣ ቂም እንዳይያያዝ፣ ሽማግሌ ቤት ድረስ ሄዶ እርቅ ያወርዳል። ማንና ማን እንደተጣላ ግን የጠየቀ የለም። አቶ ጠሀ፣ ሦስት ሽማግሌዎችና ወረቀቱን የያዝኩት እኔ ቱላ ሄድን። የሳያት እናት ከጎረቤት የፕላስቲክ ወንበር ለመዋስ ስትሯሯጥ አገኘናት። አቶ ጠሀ የዋህ ሰው ናቸው፤ የልጅቷን የተጠቀለለ እጅ ሲያዩ እንባቸው መጣ። «መታከሚያሽን ሁሉ በእኔ ጣይው» አሉ፤ ቃላቸውንም ጠብቀዋል።

ትልቁ ሽማግሌ «ልጄ፣ አቶ ጠሀ ቤትሽ ድረስ መጣ፤ ይኼ ትልቅ ክብር ነው» አላት።

«አዎ፣ አባባ። እናንተን በማስቸገሬ ይቅርታ» አለች ሳያት።

እናቷ በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ራሷን እየነቀነቀች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «‹ቀስ በይ፣ አትቸኩይ፣ ስንቴ ብያት ነበር› ነው የምትለው» ብሎ ተረጎመልን። ሁላችንም «እህ» አልን። ጸሎት ተደረገ። «አደጋው የደረሰብኝ በራሴ የጥንቃቄ ጉድለት መሆኑን አምኜ…» የምትለውን ወረቀት አቀረብኩ። ሳያት በቀኝ እጇ መፈረም ስለማትችል የግራ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ቀለሙን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

ወረቀት ወረቀትን ይወልዳል። በወሩ አቶ ጠሀ ጠሩኝና «ይቺ ልጅ ጥንቃቄ የሚጎድላት ከሆነ እንዴት ማሽን ቤት ትመለሳለች? ለራሷም አይበጅም» አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት። የተማመኑት ደግሞ የእኔን ወረቀት ነው። የሥራ ማቋረጫ ደብዳቤዋን ጻፍኩ፤ የእርቁን ወረቀት አባሪ አደረግሁ።

ዘሪሁን ሽፋኑን በገዛ እጁ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ምሳውን ብቻውን ይበላል። ሽፋኑ በቦታው የቆየው አሥራ አንድ ቀን ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የአዲስ ሆቴል አልጋ ታዘዘ፣ ወፍራም ጣውላ መጣ፣ ዘሪሁን እጄን አላስገባም አለ፣ ሌላ ሰው ፈታው። ጋሽ ዋሲሁን ማሽኑን ያጠፋሉ፣ ልጆቹ ያበራሉ፤ ያጠፋሉ፣ ያበራሉ። አንዱ «ጋሼ፣ በፈጠረዎ፣ ሥራ አስፈቱን!» አላቸው። በሳያት ቦታ የቆመው ልጅ ነው እንዲህ ያላቸው።

ያን ቀን ከሰዓት ወደ ቢሮዬ መጡ። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ቀስ ብለው ተቀመጡና መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

«የሳያትን ነገር እስቲ አብረን እንየው» አሉኝ። «እጇን መጋዙ ለምን አገኘው?»

«ሽፋን ስላልነበረው።»

«ሽፋኑ ለምን ተፈታ?»

«ጣውላው ወፍራም ስለሆነ አያሳልፍም።»

«ጣውላው ለምን ሳይላግ መጣ?»

«መላጊያው ማሽን ከተበላሸ አራት ወሩ ነው፤ ሥራው ደግሞ አስቸኳይ ነበር።»

«እሺ። አምሳሉ እዚያው ማሽን ላይ ከተጎዳ በኋላ ሽፋኑ ለምን እንዳይፈታ ተደርጎ አልተበየደም?»

«ችግሩ የሽፋኑ መሆኑን ማን አወቀና፣ ጋሼ? ወረቀቱ እኮ የሚለው…»

ጋሽ ዋሲሁን ግድግዳው ላይ ያለውን የዓመት መቁጠሪያ አዩ፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለታችንም አውቀነዋል፤ ወረቀቱን ማን ጻፈው፣ ሦስቱን ደብዳቤዎች ማን አስቀመጣቸው። የባጃጅ ሹፌር የማይምሩ፣ ሚስታቸውን የማይምሩ፣ ራሳቸውን የማይምሩ ሰው አራተኛው ላይ አቆሙልኝ። «በይ ደኅና ዋይ፣ ልጄ» ብለው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ለሳያት ነው ብዬ ነበር፣ ግን ለራሴም ነበር።

ከዚያ አዲስ ቅጽ አወጣሁ። መስመሯ አልበቃ አለች። ነጭ ወረቀት አባሪ አድርጌ ከአንድ እስከ አምስት ጻፍኩ። የዘሪሁንን ስም ጻፍኩ፤ ሄጄም ነገርኩት። «ተመስገን፣ እስካሁን እንድናገረው የፈቀደልኝ ሰው አልነበረም» አለኝ። አምስተኛው ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። አንዱን ቅጂ ለአቶ ጠሀ፣ አንዱን ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አደረግሁ።

አቶ ጠሀ አነበቡት። «ብርቅዬ፣ አንቺም ጀመርሽ?» አሉኝ፤ ድካም ነበረው ድምፃቸው። «እርቅ የወረደበትን ነገር!» ወረቀቱ መሳቢያቸው ውስጥ ገባ። ከመሥሪያ ቤቱም እስከ ዛሬ መልስ የለም። ሽፋኑ ይህን በምጽፍበት ሰዓት ግድግዳ ላይ ነው። የሳያት የሥራ ማቋረጫ ደብዳቤ አልተነሣም፤ ይነሣል ብዬም አላስብም። ከዚህ ሁሉ ነገር ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ የእኔ ወንበር መነቃነቅ ጀምሯል፤ ሌላ የማውቀው የለም።

ሦስተኛው ቅጂ ቀርቶ ነበር። እሱን ይዤ ቅዳሜ ከጋሽ ዋሲሁን ጋር ቱላ ሄድን። ባጃጁ መስታወት አልነበረውም። አዩት፤ ለምናቸውን ዋጥ አደረጉት። ቸኩለው ነበር።

ሳያት በር ላይ ተቀብላን አስገባችን። ቀኝ እጇን በሻርፕ ሸፍናዋለች። ቤት ውስጥ፣ በገዛ እናቷ ፊት፣ እጇን ትሸፍናለች። እናቷ ጓዳ ሆና ሰላም አለችን። የእርቁ ቀን የተዋሰቻቸው ወንበሮች የሉም፤ ዱካ ላይ ተቀመጥን።

«ደግሞ የምፈርመው ነገር አለ?» አለች ሳያት።

«የለም» አሉ ጋሽ ዋሲሁን። «የሚነበብ ነው።»

አነበቡላት። ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ለምን ከነመልሱ። ሽፋኑን። ጣውላውን። የተበላሸውን መላጊያ። አምሳሉን። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ የእኔን ስም ሊያሳልፉት በሚችሉት ፍጥነት አሳለፉት። ሳያት ግን ሰምታለች፤ አየችኝ። ዓይኔን አላሸሸሁም፤ ማሸሽ ግን ፈልጌ ነበር።

ሻርፑን ጠበቅ አደረገችው።

«ታዲያ እኔ አይደለሁማ?»

«አይደለሽም» አሉ ጋሽ ዋሲሁን።

«ሐሳቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር፣ ጋሼ። እውነቴን ነው። ስለ ጫማ ነበር የማስበው።»

«የሰው ሐሳብ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ልጄ። ሽፋን የተሠራው ለዚያ ነው።»

ሰውዬውን የወደድኳቸው መቼ እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ምናልባት ከሻዩ ቀን ጀምሮ ነው፤ ያወቅሁት ግን እዚያ ዱካ ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስንት ሰው ብርቱካን ይዞ ወደዚያ ቤት ገብቷል፤ ይህን ይዞ የገባ አልነበረም። ልጅቷ እያለቀሰች ነበር፤ አለቃቀሷ ግን የሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበረበት፣ ደስም አለኝ።

«ለእማዬ በሲዳምኛ ይንገሩልኝ» አለች ፊቷን በግራ እጇ እየጠረገች። «ሁሉንም። ከመጀመሪያው።»

እናቷ ከጓዳ ተጠርታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ጋሽ ዋሲሁን ወጣትነታቸውን በሲዳማ ገጠር በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ስላሳለፉ ቋንቋው እንደ ውኃ ይፈስላቸዋል። ወረቀቱን እያዩ ይነግሯት ጀመር። እኔ ከሲዳምኛ የሚገባኝ ጥቂት ነው፤ አሮጊቷ ግን ስትሰማ፣ ስታቆማቸው፣ ስትጠይቃቸው፣ ከዚያ ዞራ የልጇን ፊት ስታይ አይቻለሁ። አንዱ ለምን ላይ እጇን ሰድዳ ሻርፑን ከሳያት እጅ ላይ አነሣችው።

አምስተኛው ላይ ደረሱ። ስሜን ለየሁት። እንደገና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «አልተሰማም። ጮክ ብለው ይንገሯት።»